ለአምስት ድመት ሦስት ሣጥን

ሻጯ «ስንት ድመት አላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ ሁለቱም እኩል መለሱ። ሊሳንድሮ «ሁለት» አለ፤ ዙሌማ «ሦስት» አለች። ሻጯ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየችና ተስማምታችሁ ንገሩኝ እንጂ ብላ ሣቀች።

«አምስት ናቸው» አለች ዙሌማ ቀስ ብላ። የእሱንና የእሷን አንድ ላይ ቆጥራ በሰው ፊት ስትናገር የመጀመሪያዋ ስለሆነ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

ለቤት ድመት የሚሆን መጸዳጃ ይህን ያህል ዓይነት ይኖረዋል ብላ አስባ አታውቅም። ግድግዳው ሙሉ ተደርድሯል፤ ክዳን ያለው፣ ክዳን የሌለው፣ ጥልቁ፣ ጠፍጣፋው፣ ጥግ ላይ እንዲገባ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተሠራው። አሸዋውም እንደዚያው ነው፤ ደቃቁ፣ ሻካራው፣ ላቫንደር የተባለው አበባ ሽታ ያለው። ሻጯ ለእያንዳንዱ ድመት አንድ፣ በላዩም አንድ ትርፍ ሣጥን መግዛት እንደሚሻል ነገረቻቸው። ከኋላ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ግን ነገሩን ሰምታ ዝም ማለት አልሆነላትም፤ እሷ ሰባት ድመት በሁለት ሣጥን እንደምታኖርና አንድም ቀን ቅሬታ ሰምታ እንደማታውቅ ተናገረች። «ከጎረቤቶችሽስ?» አለቻት ሻጯ። መደብሩ በሙሉ ሣቀ።

ዙሌማ ብቻ አልሣቀችም። ሊሳንድሮን እያየች ነበር። ስድስት እንዲል ትጠብቅ ነበር። ስድስት ካለ፣ የእሱ ሁለት የእሷ ሦስት መሆናቸው ቀርቶ የአንድ ቤት አምስት ሆኑ ማለት ነው። እሱ ግን ሣጥኖቹን ሲያገላብጥ ቆየና ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ።

«ለጊዜው ሦስት ይበቃናል» አለ። «ክዳን ያላቸው ይሁኑ፤ እማዬ ሽታ አትወድም።»

ለጊዜው። ዙሌማ ሰፊው ሰማያዊ ሣጥን ላይ አሳርፋው የነበረውን እጇን አነሣች። ከመደብሩ ሲወጡ እሱ ሣጥኖቹን ተሸክሞ ስለ አየሩ ያወራ ነበር፤ እሷ ግን ያቺን አንዲት ቃል እያገላበጠች፣ ተስፋ ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ መለየት አቅቷት ትከተለው ነበር።

ዙሌማ በቫልፓራይሶ ከተማ ትሮሊባስ የሚባለው በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄድ አውቶቡስ ሹፌር ናት። ከባሕሩ ዳር ያለውን ዋናውን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትመላለስ ትውላለች፤ ማታ ማታ ደረጃውን ወጥታ፣ አባቷ ሲሞት ወደተወላት፣ ኮረብታው አናት ላይ ወዳለው ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ትገባለች። ሊሳንድሮ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ግማሽ ከተማው በአያቱ ስም በሚያውቀው፣ ሣሎኑ ውስጥ ፒያኖ በቆመበት ቤት እመቤት እንደማለት ሰው ሁሉ ዶኛ ከሚላት ከእናቱ ከኤርሚኒያ ጋር ይኖራል። የተገናኙት ባሮን የተባለውን ግራጫ ድመቱን በቅርጫት ይዞ አውቶቡሷ ላይ የወጣ ዕለት ነው። ባሮን መንገዱን ሙሉ ሲያለቅስ ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ ዙሌማ ግን ወደ ኋላ ዞራ፣ ከእሱ የባሰ ድምፅ ያላቸው ብዙ ሰዎች ጭና እንደምታውቅ ተናገረች። ሊሳንድሮ ከዚያ ወዲህ መኪናውን ቤት መተው አበዛ።

ዓመት ሊሞላቸው ሲል አንድ እሑድ ባሕሩ ዳር ተቀምጠው አይብ የገባበት፣ ሳምቡሳ የሚመስል ትኩስ ኤምፓናዳ ይበሉ ነበር። ሊሳንድሮ ድንገት ፊቱ ቀላና ግማሹን ሳይበላ በወረቀት ጠቀለለው።

«ድመቶችሽን ይዘሽ እኛ ቤት ብትመጪ ምን ይመስልሻል?» አላት።

ዙሌማ ካፒታንን አሰበች። ካፒታን ያረጀ ድመቷ ነው፤ ወገቡን ያመዋል፤ ሰው ቤት ይለምዳል ብላ አላመነችም። «እናያለን» አለችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ በዚያው ሌላ ወሬ አነሡ። ቀስ በቀስ ድመቶቹ ቀድመው ሄደው ቤቱን ይልመዱ ተባለ፤ ሣጥን ሊገዙ መደብር የሄዱትም ለዚሁ ነው። እሷ መቼ እንደምትሄድ ግን ማንም አላነሣም። ጎረቤቷ ኒልዳ ነገሩን ስትሰማ አፍጥጣ አየቻት።

«ቆይ፣ ላግባሽ ያለው አንቺን ነው ወይስ ድመቶቹን?»

ዙሌማ ግን የድመቶቹን ቅርጫት አወረደች። ካፒታንና እኅትማማቾቹ ድመቶች ቺስፓና ፔካ ሊሳንድሮ ቤት ገቡ፤ እሷ ከሥራ ስትወጣ እየሄደች ትመግባቸዋለች፣ ሣጥናቸውን ታጸዳለች፣ ከእናትና ልጅ ጋር ሻይዋን በዳቦና በአቮካዶ ትጠጣለች፤ ከዚያ ድመት አልባ ወደሆነው ቤቷ ትመለሳለች። እንግዳ ይሁኑ ቤተኛ ለመለየት ድመቶቿ ሳይቸገሩ አልቀሩም፤ እሷ ግን ከእነሱም ያነሰ ነገር ነበር የምታውቀው።

ዶኛ ኤርሚኒያ ሦስቱን ሣጥኖች ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ከማሽኑ ጎን በአንድ መስመር አስደረደረቻቸው። ክዳናቸው ተገጥሞ፣ በራቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ እንግዳ ቢመጣ እንኳ ምን እንደሆኑ አይገምትም። ቤቱ በሰላም የቆየው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ የዶኛ ኤርሚኒያ የከፋይ ወንበር ረጠበ። ቀጥሎ የሊሳንድሮ የሥራ ጋውን። ቀጥሎ ፒያኖው ሥር ያለው ምንጣፍ።

ዶኛ ኤርሚኒያ ዙሌማን በቀጥታ ወቅሳት አታውቅም። እርስዎ እያለች ነው የምታናግራት፤ ሻይ ስትቀዳላትም ስኳር ትጠይቃታለች። ነገር ግን ወንበሩ በረጠበ ቁጥር ግድግዳውን እያየች፣ በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ትላለች። የቤቱ ሁለተኛ ድመት፣ ነጯ ፔርላ፣ እቅፏ ውስጥ ተጠቅልላ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሽማግሌው ካፒታን ደግሞ ጥፋተኛ ይመስል ከሶፋ ሥር ያያቸዋል። ጥፋቱ የእሱ መሆኑን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም፤ ዙሌማ እንኳ ሳይቀር። በሆምጣጤ እየፈተገች፣ ማታ ማታ እጇ እስኪላጥ ምንጣፍ እያጠበች፣ አንድ ቀን በቁጣ «ምን አጎደልንብህ?» ብላ ጮኸችበት። እሱ ሣጥኑ ደፍ ላይ አንድ እግሩን አነሣ፤ መልሶ አወረደው፤ ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ።

ሊሳንድሮ ስልኩ ላይ ያነባል። አንዱ አሸዋውን ቀይሩ ይላል፣ ሌላው እንዳትቀይሩ ይላል። አንዱ ሽታ ያለው ይሻላል ይላል፣ ሌላው ድመት ሽታ ይጠላል ይላል። ቀየሩ፣ መለሱ፣ ደባለቁ። ምንም። ዙሌማ አንድ ጊዜ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ፤ እናቱ ከሣሎን ጠራችው፤ ሄደ። ምን ሊል እንደነበር እያሰበች መጥረጊያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ነገሩ የፈነዳው በአንድ ፀሐያማ ከሰዓት ነው። ዙሌማ ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ስትደርስ ከጓሮው በር ውጭ፣ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ፣ ከሣጥኖቹ አንዱ ክዳኑ ወልቆ ተደፍቶ አየችው። የካፒታን ብርድ ልብስ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ዶኛ ኤርሚኒያ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ወይዘሪት ዙሌማ፣ ልጄ ለሽማግሌው ድመትዎ ሌላ ቦታ አዘጋጅቶለታል» አለቻት፤ ድምፅዋ እንደወትሮው ደረቅ ነበር።

ዙሌማ ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ አልጠየቀችም። ከበሩ ውጭ የወደቀው ሣጥን ለእሷ በቂ መልስ ነበር። ገብታ ካፒታንን ከሶፋው ሥር ሳበችው፣ ሁለቱን እኅትማማቾች ቅርጫት ውስጥ ከተተች፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። በረጅሙ ደረጃ ላይ ቅርጫቱ ትከሻዋን ሲቆርጠው፣ ካፒታን ጃኬቷ ውስጥ ሆኖ አገጯን ሲልሳት፣ የተባረረው እሱ ይሁን እሷ አልለይ አላት።

ሊሳንድሮ ደወለ። አላነሣችም። ደግሞ ደወለ። ከዚያ መደወሉን አቆመ፤ ይሄኛው ይበልጥ አመማት። አላነሣ ያለችው እሷ፣ ለምን አልደወለም ብላ የምትበሳጨውም እሷ። አሁን ጠዋት ጠዋት ፌርማታው ላይ አይቆምም። ኒልዳ ተገላገልሽ ስትላት አዎ ትላለች፤ ከዚያ ስልኳን ታያለች። ካፒታን፣ አሸዋ ባፈሰሰችበት አሮጌ ጠፍጣፋ የምግብ ማብሰያ ትሪ ላይ፣ አንድም ጊዜ ሳያበላሽ ሲጸዳዳ እያየችው ነገሩ ጭራሽ ተምታታባት። እዚያ የማይችል፣ እዚህ እንዴት ቻለ?

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጉሙ ከባሕር ተነሥቶ መንገዱን በሸፈነበት አንድ ጠዋት፣ አደባባዩ አጠገብ ካለው ፌርማታ አንዲት ረጅም ሴትዮ ጥቁር ካፖርት ለብሳ ተሳፈረች። ዙሌማ መስታወቱ ውስጥ ስታያት መሪው ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። ዶኛ ኤርሚኒያ አውቶቡስ ላይ ትወጣለች ብሎ የሚያስብ ሰው ቫልፓራይሶ ውስጥ አልነበረም። ሴትዮዋ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ሹፌር ማናገር ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ አንብባ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ቃል አልተነፈሰችም። ዙሌማ ያን መንገድ እንዲያ ረዝሞባት አያውቅም።

ሰው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ ዶኛ ኤርሚኒያ ተነሣች።

«ፔርላ ናት» አለች።

ዙሌማ ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባትም።

«ወንበሩንም፣ ጋውኑንም፣ ምንጣፉንም ያበላሸችው ፔርላ ናት። ድመቶችሽ ከሄዱም በኋላ አላቆመችም። ወንበር ይዤ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ቁጭ ብዬ አየኋት። ክዳኑ ሥር ስትገባ ባሮን በሩ ላይ አድፍጦ ይጠብቃታል። መውጫ ስታጣ ጊዜ መግባቱን ተወችው። በሁለቱ ብቻ እንዲህ ከሆነ በአምስት ድመት ምን ይሆን እንደነበር አስቢው። ክዳን ይሁን ያልኩ እኔ፣ አንድ ጥግ ላይ ይደርደሩ ያልኩ እኔ፤ የወቀስኩት ግን ሽማግሌውን።»

ዙሌማ እርስዎ መባሉ መቅረቱን ያስተዋለችው ዘግይታ ነው። ይቅርታ መጠየቋ ይሁን ዘገባ ማቅረቧ ከሴትዮዋ ፊት ማንበብ አልቻለችም።

«ታዲያ ሣጥኑን ለምን ሜዳ ላይ ጣላችሁት?»

«ማን ጣለው?» ዶኛ ኤርሚኒያ ከልቧ ግራ ገባት። «ሽማግሌው ድመት እግሩን ማንሣት እንደማይችል ሊሳንድሮ አይቶ፣ የሣጥኑን ደፍ በመጋዝ ቆርጦ ዝቅ አደረገለት። አጥቦ ፀሐይ ላይ ደፋው። ብርድ ልብሱን ያጠብኩት ራሴ ነኝ። ማንበቢያ ክፍሉ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ቦታ ለቆለት ነበር። ነገርኩሽ እኮ፤ ቦታ አዘጋጅቶለታል አልኩሽ። አንቺ ጠራርገሽ ስትወጪ፣ ኩሩ ናት ብዬ ዝም አልኩ። እሱ ጣቱን በመጋዝ ቆርጦ እስካሁን ጥርስ መንቀል አልቻለም፤ መሙላት ብቻ ነው የሚሠራው።»

ዙሌማ መሪው ላይ ተደገፈች። ያን ሣጥን ቀና አድርጋ ብታየው ኖሮ የተቆረጠውን ደፍ ታየው ነበር። አላየችም። ለማየት የሚበቃ ትዕግሥት አልነበራትም።

«ከዚያም በላይ» አለች ዶኛ ኤርሚኒያ ጓንቷን እያጠለቀች፣ «እምቢ ብላኛለች እያለ እራት አይበላም።»

«ምን ጠይቆኝ ነው እምቢ ያልኩት?»

ሴትዮዋ የቦርሳዋን ዘለበት ዘጋች። «እሱን እኔም አላውቅም፣ ልጄ» አለች። የመመለሻው ሰዓት ደርሶ ስለነበር ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ዙሌማ ሞተሩን አስነሣች፤ ጉሙ ከፊቷ ይሁን ከዓይኗ ሳታውቅ መንገዱ ደበዘዘባት።

ከሥራ እንደወጣች ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ወደ ክሊኒኩ ሄደች። መቆያው ክፍል ውስጥ መንጋጋቸውን በሻርፕ ያሰሩ አንድ ሽማግሌና ሌሎች ሁለት ታካሚዎች ተቀምጠዋል። ሊሳንድሮ ተራ ሊጠራ በሩን ሲከፍት አያትና ጭንብሉን ማውረድ ረስቶ ቆመ። የግራ እጁ ጠቋሚ ጣት በፋሻ ተጠቅልሏል። ዙሌማ ልትለው ያዘጋጀችው ብዙ ነገር ነበር፤ ፋሻውን ስታይ ሁሉም ጠፋባት።

«ምን ብለህ ነው የጠየቅከኝ?» አለችው።

«መቼ?»

«እምቢ ያልኩህ ጊዜ።»

ጭንብሉን አወረደ። ከስቷል። «ባሕሩ ዳር» አለ። «ድመቶችሽን ይዘሽ ነይ አልኩሽ። አንቺ እናያለን አልሽኝ።»

«ስለ ካፒታን እኮ ነው እናያለን ያልኩህ። ወገቡን ያመዋል።»

«እኔ ስለ ካፒታን አልጠየቅኩሽም።»

«ታዲያ ለምን እንደ ሰው አልጠየቅከኝም?»

ታካሚዎቹ መጽሔታቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ሊሳንድሮ አያቸው፤ ግን አልሸሸም።

«ፈርቼ» አለ። «አባቴ ከሞተ ወዲህ ከዚያ ቤት ወጥቼ አላውቅም። ሰውን ቤቴ ግባ ማለት እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ድመቶቹ ከመጡ አንቺም ትመጫለሽ ብዬ ነበር። በየማታው ቦርሳሽን አንሥተሽ ስትሄጂ ግን መልሷ ይሄ ነው እል ነበር።»

«እኔ ደግሞ እደሪ እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው።» አንድ እርምጃ ቀረበችው። «ሱቁ ውስጥ ለጊዜው አልክ። ለጊዜው ሦስት ይበቃናል። ያን ቃል ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት ታውቃለህ? ልትሞክረኝ መስሎኝ፤ ካልተስማማሁህ የምትመልሰኝ መስሎኝ።»

«ስድስት ብገዛ ሳልጠይቅሽ የወሰንኩልሽ መስሎሽ ትሸሺያለሽ ብዬ ነው» አለ። «ሁሉንም ልገዛ ፈልጌ ነበር። ስትሄጂ አንድ ጊዜ ልመጣ ደረጃው ግማሽ ድረስ ወጥቼ ተመለስኩ። ልጅቷ በእግሯ ወጥታ መልስ ሰጥታኛለች፣ ምን ቀረ? አልኩ።»

ዙሌማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እንዲህ ሲዋደዱ፣ አንዱ የሌላውን ዝምታ በገዛ ፍርሃቱ እየተረጎመ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ መኖራቸው ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም ደረሰ። መጠየቅ የሚችል አፍ እያላት አለመጠየቋ ደግሞ ከሁሉ በላይ አሳፈራት።

«አሁን ጠይቀኝ» አለችው። «ድመት ሳታነሣ።»

ሊሳንድሮ የቀኝ እጁን ጓንት አወለቀ። «ዙሌማ፣ ታገቢኛለሽ?»

ይህን ቃል ስትሰማ ወዲያው እሺ የምትል ይመስላት ነበር። አሁን ሲመጣ ግን ከአፏ የወጣው ሌላ ነው። «እናትህ የምትታገሠኝ የቤት እንግዳ ሆኜ መኖር አልፈልግም።»

«እኔም እንዲያ እንድትኖሪ አልፈልግም። እማዬ ዛሬ ጠዋት ክዳኖቹን በሙሉ አውልቃ አንዱን ሣጥን ፒያኖው አጠገብ አስቀምጣዋለች። ግን ያ ለድመቶቹ እንጂ ላንቺ መልስ አይሆንም፤ ይገባኛል።»

«ታዲያ የት እንኖራለን?»

«አንቺ ቤት ስድስት ሣጥን አያስቀምጥም። እኛ ቤት ያንቺን ልብ አላስቀመጠም።» ትከሻውን ሰበቀ። «ኪራይ እንፈልግ ይሆን? እማዬን ብቻዋን እንዴት እተዋታለሁ? አንቺስ ያባትሽን ቤት?»

መንጋጋቸውን ያሰሩት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እሺ የምትዪውም ከሆነ ቶሎ በይው፣ እምቢ የምትዪውም ከሆነ ቶሎ በይው። እኔ አልቻልኩም።»

ሰው ሁሉ ሣቀ። ዙሌማም ሣቀች፤ እየሣቀች እንባዋ ወረደ፤ የቱ የቱን እንዳመጣው አላወቀችም።

«እሺ» አለች።

ሊሳንድሮ ወዲያው አላመነም። «ለየቱ ነው እሺ ያልሽው? ለኪራዩ ነው?»

«ላንተ። ስለ ቤቱ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለ፤ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን በግንባሩ ነካው። እጁ የመድኃኒት ሽታ ነበረው። ከዚያ ሽማግሌውን ደግፎ ይዞ ገባ።

ዙሌማ ሽማግሌው ተነሥተው በለቀቁት፣ ገና ሙቀቱ ባልጠፋ ወንበር ላይ ተዛውራ ተቀመጠች። ከግድግዳው ወዲያ የጥርስ መሰርሰሪያው ድምፅ ተሰማ። የት እንደሚኖሩ፣ እናቱን ምን ብላ እንደምትጠራ፣ አምስቱ ድመቶች ዳግም ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር፣ አንዱንም አታውቅም። ግራ መጋባቱ እንዳለ ነበር። ግን እስከ ዛሬ ለየብቻቸው ነበር ግራ የገባቸው፤ አሁን አብረው ነው። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እስኪወጣ ድረስ ጠበቀችው።